ነጠላ ውስጥ ቦግ ያለው ሰማያዊ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ከወይዘሮ ስርጉት ጎን የተቀመጠው ጎልማሳ ኮቱን ተኩሶ ጫማውን መወልወል የረሳ ሰው ነው። በካልሲ የጠቀለላትን ብልቃጥ እንደ ጫጩት አቅፏል።

«አረቄ ከሆነ ክፈተውና እንቅመስ እንጂ!» አሉት።

«ኧረ እትዬ፣ አየር ከገባት አለቀላት! ቅኔ ቤቱን ጥዬ ስሄድ ለተቀየሙኝ አባቴ ነው የምወስዳት፤ የተማርኩትን በዐይናቸው ይዩልኝ ብዬ።»

«ምን አለባት?»

«አዮዲን ያለበት ቀለም። አዮዲን ከባድ አቶም ነው፤ ቀለሙ የዋጠውን ብርሃን ቶሎ እንዳይተፋ ያደርገዋል። ከዚያ ሁለት ደካማ አረንጓዴ ብርሃን ይደመርና አንድ ብርቱ ሰማያዊ ይወጣል።»

አውቶቡሱ ባንገጫገጨ ቁጥር ክዳኗ ላልቶ እንዳይሆን እያለ ካልሲውን ይገልጣል። ወይዘሮ ስርጉት አንጀታቸውን በላውና ነጠላቸውን በሁለቱም ራስ ላይ ጣሉት።

«ጨለመልህ፤ በል ሞክራት!»

ከኪሱ አረንጓዴ የሌዘር መብራት አውጥቶ ሲያበራባት ብልቃጧ ሰማያዊ ቦግ አለች። ወይዘሮ ስርጉት አማተቡ።

«አባትህ አላምንም ካሉ እኔን ጥራኝ!»