ዋግሪስ በቢጫው ውሃ ውስጥ ያየው ነገር

ዋግሪስ ዕድሜውን ሙሉ ግመሎቹን የሚጭነው ጨው ነበር። ዘንድሮ ግን የዳሎልን ውሃ በብልቃጥ እየቀዱ ለሚመረምሩ ሰዎች ዕቃ ይጭናል። ደግ ሰው ነው፣ ጠንካራም ነው፤ ምላሱ ብቻ ልጓም የላትም።

አንድ ቀን ተመራማሪዋ ዶክተር ፍሬወይኒ፣ "እዚህ የሚፈላ ቢጫ ውሃ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ" አለችው። ወፍ እንኳ ወድቆ በሚሞትበት ውሃ! ሆዱ ሊይዝለት አልቻለም። ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ግመል ነጂ አገኘና እንደ አፋር ወግ ቁጭ ብለው ዳጉ፣ የመንገደኛ ወሬ፣ ተለዋወጡ። በዳጉ ያየኸውን "አየሁ"፣ የሰማኸውን "ከእገሌ ሰማሁ" ብለህ ትናገራለህ። ይህን ያፈረሰ ሰው ሁለተኛ ወሬ የሚሰጠው አያገኝም፤ ወሬ የማይሰጡት አፋር ደግሞ ከግመሉ በምን ይሻላል? ዋግሪስ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ግን "ሰማሁ" ማለት ወሬውን ሊያቀዘቅዝበት ሆነና፣ "በዚህ በዓይኔ አየሁ" አለ።

ወሬው ከግመሎቹ ቀድሞ መንደር ገባ፤ ሰዉም ይቀልድበት ጀመር።

"ዋግሪስ፣ ይናከሳሉ እንዴ?"

"ኧረ አይናከሱም!"

"ይታለባሉ?"

"ተወኝ እባክህ።"

"የማን ጎሳ ናቸው ታዲያ?"

በጨው መንገድ ያረጁት አባ ሁመድ ግን አልሳቁም። ከዳሱ ጥላ ሥር አስጠሩትና፣ "ልጄ፣ አየህ ወይስ ሰማህ?" አሉት።

"አየሁ" አለ።

"እንግዲያው አሳየና።"

ዋግሪስ ወደ ተመራማሪዎቹ ድንኳን በረረ። "ዶክተር፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እነዚያን ነገሮችሽን አሳዪኝ! ስሜ ሊጠፋ ነው።"

ፍሬወይኒ ማይክሮስኮፑን አስተካከለችለት። መጀመሪያ የራሱን ሽፋሽፍት አየ። ቀጥሎ ትንንሽ ነጠብጣቦች አየ፤ አንዳንዶቹ ይንቀሳቀሳሉ። በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው።

"ከቢጫው ውሃ ናቸው አይደል?"

"አይ፣ እነዚህ ከዳር ካለው ጨዋማ ኩሬ ናቸው። ከቢጫው እስካሁን ምንም አላገኘንም። አንዳንዱ አለ ይላል፣ አንዳንዱ የለም ይላል፤ እንጨቃጨቃለን።"

"ታዲያ ያኔ የነገርሽኝ?"

"ግምቴን ነዋ የነገርኩህ።"

"አንቺም ሽማግሌ ያስፈልግሻል!" ብሏት ወጣ።

ኩሬውን ቢጫ ነው ቢል ማን ያውቅበታል? መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሲያሰላስል መጣ። አባ ሁመድ ፊት ሲደርስ ግን እንዲህ አለ፦ "አባ፣ ያየሁት የኩሬውን ነው፤ እሱንም ገና አሁን ነው ያየሁት። የቢጫውን አላየሁም። ዋሽቻለሁ።"

አባ ሁመድና የመንደሩ ሽማግሌዎች ተመካክረው ፈረዱበት፦ ዓመቱ እስኪዞር ሰው ባገኘ ቁጥር ዳጉውን የራሱን ውሸት በመናዘዝ ይጀምር።

በማግስቱ ጨው ሜዳው ላይ ከሩቅ የመጣ የማያውቀውን ሰው አገኘ። ታሪኩ ጨርሶ ያልደረሰው ሰው ነው። ዋግሪስ ግራ ቀኙን አየ፤ ከግመሎቹ በቀር የሚሰማ የለም። ኑዛዜውን ሊዘለው ቃጣው። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና፣ "እኔ ዋግሪስ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ዋሽቻለሁ" ብሎ ጀመረ። አንድም ሳያስቀር ነገረው፤ ነጠብጣቦቹንም ጭምር። ሲጨርስ እፍረቱ ከፀሐዩ ብሶ ይለበልበው ነበር።

ሰውየው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ዱላውን አጋድሞ አጠገቡ ተቀመጠ።

"በል አሁን ስለ ግጦሹ ንገረኝ" አለው። "ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ነው የመጣሁት፤ አንተን ግን አምናለሁ።"