ውሃውና ሞተሩ የሚገናኙበት ቀን

የውሃ ሞተር ከሩቅ ሲያስል በሰማሁ ቁጥር የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣና፣ ደምበጫ አጠገብ ባለው መንደራችን፣ ከተሰነጣጠቀው የሽንኩርት ማሳ ዳር ተመልሼ እቆማለሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ አቋርጦ ጤፉ ፍሬ ሳይቋጥር ስለቀረ፣ የቤታችን ተስፋ ሁሉ በበጋ የተከልነው ሽንኩርት ነበር። ማሳችን ከቦዩ ከፍ ስለሚል ውሃው ብቻውን አይወጣልንም ነበር፤ ሞተሩም ያለ ውሃ ከማሳል በቀር ሌላ አያውቅም። የውሃው ተራ በየአራት ቀኑ፣ ስድስት ቤት ሆነን የያዝነው ሞተር ደግሞ በየስድስት ቀኑ ይደርሰን ነበር።

ለቅበላ ሰሞን ሁለቱ አንድ ቀን ገጠሙልንና አጠጣን። ከዚያ በኋላ ውሃው ሲመጣ ሞተሩ ሰው ቤት ነው፣ ሞተሩ ሲመጣ ቦዩ የሌላ ሰው ነው። አባዬ ተራ የሚያስጠብቁትን የውሃ አባት፣ አያ ምንተስኖትን፣ አንድ ቀን እንዲያሸጋሽጉለት ቢለምናቸው፣ «ጾም ገባ አይደል፣ ሽንኩርትህም ይጹማ» ብለው ሰው አሳቁበት።

አባዬ በጣቱ ቆጥሮ፣ ሞተሩ አራት ጊዜ ካልዞረ ከውሃው ጋር አይገናኝም፣ ይኸውም በሃያ አራተኛው ቀን ነው አለ። እስከዚያ ሽንኩርቱ ገለባ ይሆናል ብሎ ቆላ ለቀን ሥራ ሊወርድ ቆረጠ። ቆላው ወባ ነው።

«ዓለሙ፣ እነዚህን ልጆች ለማን ጥለሃቸው ነው?» አለችው እማዬ በሩ ላይ ተቀምጣ።

«ቁጭ ብዬ ሲራቡ ልያቸው?» አለና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አልፏት ወጣ።

እኔ የምለቅመውን እህል መሬቱ ላይ መደርደር ያዝኩ፤ ካጠጣንበት ማግስት ጀምሬ ለየቀኑ አንድ ስንዴ፣ ውሃ በሚደርሰን ቀን ሽምብራ፣ ሞተር በሚደርሰን ቀን ባቄላ አጠገቡ እያኖርኩ። አሥራ ሁለተኛው ስንዴ ላይ ሽምብራውና ባቄላው ጎን ለጎን ተቀመጡ። በትኜ እንደገና ብደረድርም እዚያው ሆነ። ያ ቀን ሊደርስ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

ለእማዬ ባሳያት እህሉን ትኩር ብላ አየችና፣ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ እስከ አስፋልቱ ሮጠች። አውቶቡሱ ሄዷል። ስልክ ያኔ በቤታችን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱም መጡ። አያ ምንተስኖት ቦዩን ራሳቸው ከፈቱልን፤ እማዬ የሞተሩን ገመድ ደጋግማ ስትስበው አስሎ አስሎ ተነሣ፤ ማሳው ሲጠጣ እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅስ ነበር። ሽንኩርቱ ዳነ። ክረምቱ ሲገባ አባዬ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ አብሮት የወረደ ሰው ጋቢውን ብቻ ይዞልን መጣ።

እኔ ፊደሉንም ቁጥሩንም ለብቻዬ ታግዬ ነው የለየሁት፤ ልጄ ግን ዛሬ በደብተሯ የጋራ ብዜት ትሠራለች። በቀደም የአራትንና የስድስትን ጠየቀችኝና ሳልቆጥር አሥራ ሁለት አልኳት።

«ሃያ አራትም እኮ ነው፣ እማዬ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አባዬም አልተሳሳተም ነበር፤ የሚቀድመውን አላየውም እንጂ።