እጅሽን ከአፍሽ አውርጂ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሼረን ከወንበሬ አስነሣችኝ። ባሕር ማዶ፣ ኖርዝ ዮርክ ከተማ በነበረችው ጠባብ ቢሯችን መስኮቱን ጀርባዬ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። «ብርሃኑ ከኋላሽ ሲመጣ ፊትሽ ይጨልምብኛል። ከንፈርሽን ካላየሁ ግማሹ ያመልጠኛል» አለችኝ። በሁለቱም ጆሮዋ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። በፈረንጆች አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር።

ሥራችን የመስማት ችግር ላለባቸው ሰዎች መብት መሟገት ነው። እኔ የተቀጠርኩት ለአማርኛ ተናጋሪዎቹ አስተርጓሚ ሆኜ ነው። የሼረን ደንብ አጭር ነበር፦ አትጩኺ፤ ፊትሽን ወደ ብርሃን አዙሪ፤ የተባለውን ሁሉ ሳትቀንሺ ተርጉሚ። ቀላል መሰለኝ።

የመጀመሪያ ባለጉዳዬ አቶ ወርቁ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ቀን የእሳት ደወል ጮኾ ሕንፃው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ተረጋግተው ሱሪ ይተኩሱ ነበር። ጎረቤታቸው ተመልሶ ሲነግራቸው ነው የሰሙት። ደግነቱ ያረረ ወጥ እንጂ እሳት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጡ።

የፈለጉት ከደወሉ ጋር አብሮ ብልጭ ብልጭ የሚል መብራት ነው። የሕንፃው ኃላፊ «ሕጉ አያስገድደኝም» ብሎ መለሳቸው። እኛም ሕጉ እንዲያስገድደው ጉዳዩን ወደ ከተማው ኮሚቴ ወሰድነው።

ለዝግጅት ቤታቸው ስሄድ ታዲያ መግባባት አቃተን። እኔ ያደግሁት ትልቅ ሰው ፊት አንገት ደፍቶ፣ እጅን አፍ ላይ አድርጎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገር ተምሬ ነው። እናቴ ብታየኝ በኮራችብኝ።

«ምን አልሽ?» አሉኝ።

«የሕንፃው ኃላፊ ኮል አድርጎልዎት ነበር ወይ ነው ያልኩት፣ አባባ።»

«ኧረ ልጄ፣ ጨዋነትሽንስ ወድጄው ነበር፤ አፍሽን ሸፍነሽው ምኑን ልስማ?»

በጣም አፈርኩ። ይቅርታ የጠየቅኩትም እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ!

ጉዳዩ በታየበት ቀን የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ግን አፋቸውን በመዳፋቸው ከልለው ከወረቀታቸው ጋር ነበር የሚያወሩት። ሼረን አጠገቤ ሆና ከንፈራቸውን ፍለጋ አንገቷን ታሰግጋለች። ሰብሳቢው «ደወል እያለ መብራቱ ለምን አስፈለገ?» አሉ። ጥያቄውን ለአቶ ወርቁ ስነግራቸው፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እጄ ሳላውቀው አፌ ላይ ወጣ።

አቶ ወርቁ ታገሡ፣ ታገሡና አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ «እጅሽን ከአፍሽ አውርጂ! ቀና ብለሽ ንገሪኝ!» አሉ።

ደንብ ደንብ ነውና ወደ እንግሊዝኛ ተረጎምኩት፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ «አንቺ» እና «እርስዎ» አይለይም።

ሰብሳቢው ፊታቸው ቀላ። እጃቸውን አወረዱ፤ ከወረቀታቸውም ቀና አሉ። ተግሣጹ ለእኔ መሆኑን ላስረዳ ስል ሼረን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየው የሚሉትን እየተከታተለች ነበር።

«ይቅርታ» አሉ ሰብሳቢው፣ ቀጥ ብለው አቶ ወርቁን እያዩ። ጥያቄውንም ደገሙት።

አቶ ወርቁ «ኪራዬን እንደ ጎረቤቶቼ እከፍላለሁ። ደወሉ ግን የሚጮኸው ለእነሱ ብቻ ነው» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ብዙ አልተከራከረም።

መብራቱ የተገጠመ ቀን አቶ ወርቁ ቤታቸው ጠሩን። የመሞከሪያ ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት፤ ሳሎኑ በብርሃን ተናጠ። ሼረን እንደ ሕፃን አጨበጨበች። «ዛሬ እተኛለሁ» አሉ።

እጄን አውርጄ፣ ዓይናቸውን እያየሁ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አባባ» አልኳቸው።

«ሰማሁሽ» አሉኝ።

ለአዲስ አስተርጓሚዎች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። በደንብ የማይሰማ ሰው ስታናግሩ ፊታችሁን አሳዩት። አክብሮቱ እሱ ነው።