ሁለት ወር የፈጀ ጠረጴዛ

ነገሩ የደረሰብኝ ካቻምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ልረሳው ሞክሬ ነበር፤ ባለቤቴ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለምታወራው አልተቻለም። እሷ ጨው ጨምራ ከምታወራው ብዬ ራሴው ልጽፈው ተነሣሁ።

የምኖረው ጎባ ነው። ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋይል ስፈልግ ኖሬ አንድ ቀን እንኳን ቸኩዬ አላውቅም።

ባለቤቴን ዘነበችን ወገቧን ያማታል። ሐኪሙ፣ «ከእንግዲህ ጎንበስ ብሎ መሥራት የለም። ዱካ ላይ ተቀምጦ መክተፍም ይቅር። ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ ይሠራልዎት» አላት። እኔም እዚያው ፊቱ፣ «በሳምንት ውስጥ!» ብዬ ፎከርኩ።

አዲስ አበባ ያለችው ልጃችን ፎቶ ላከችልኝ። ላዩ የቀርከሃ ጣውላ የሆነ የማድቤት ጠረጴዛ ነው፤ ተልጎ ያብረቀርቃል። ወደድኩት። ለጎረቤቴ ለሐጂ ባሳያቸው ሳቁብኝ። ሐጂ የጊኒር ሰው ናቸው፣ ከብት ነጋዴ፤ ስለማያውቁት ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው ይጎላል።

«ቀርከሃ ለአጥር ነው እንጂ! ወላሂ፣ በዓመቱ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ዋንዛ ያሠሩ።»

ሮቤ ወርጄ አናጢውን ጀማልን አማከርኩት። ከሁለቱም ቁራጭ ሰጠኝና፣ «ኦቦ፣ ቤት ወስደው ይሞክሯቸው» አለኝ። ምነው ባላለኝ!

ሙከራዬ ሦስት ሳምንት ፈጀ። እርድ ደፋሁባቸው። ትኩስ ድስት አስቀመጥኩባቸው። ቀርከሃውን ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ደግሞ አድልዎ እንዳይሆን ብዬ ዋንዛውንም ጨመርኩት። ውጤቱን ሁሉ በደብተር መዘገብኩ። ዘነበች አጠገቤ ዱካዋ ላይ ጎብጣ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ሰውዬ፣ እንጨቱን ትተህ የእኔን ወገብ አትመዘግብም?»

«ታገሺ እንጂ፤ የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው።»

«የማን ዕድሜ?»

ቀርከሃ አልኩ። ሮቤ ሄጄ ዋንዛ አልኩ። ተመልሼ ሄጄ ቀርከሃ አልኩ። የሚኒባሱ ረዳት እንኳን ሲያየኝ፣ «አባባ፣ ዛሬስ የትኛው ነው?» ማለት ጀመረ። እንደገና ወደ ዋንዛ ስዞር ጀማል መላጊያውን አስቀመጠ።

«ኦቦ፣ ሚስትም ሲመርጡ ይህን ያህል ቆዩ እንዴ?»

«የመረጠችኝ እሷ ናት፤ ለዚያ ነው ቶሎ ያለቀው» አልኩት።

በመጨረሻ ዋንዛው ሊቆረጥ ሆነ። ጀማል ሜትሩን ዘርግቶ፣ «ከፍታውስ ስንት ይሁን?» አለኝ። ይሄንንማ ማን ያጣዋል! ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ክርኔን አጠፍኩ፤ እንደሚከትፍ ሰው እጄን አወዛወዝኩ። «እዚህ ጋ!» አልኩት። ለካኝና ጻፈ።

ሐኪሙ ፊት ከፎከርኩ ሁለት ወር ሲሞላ ጠረጴዛው ተጭኖ መጣ። ሐጂ ሊመርቁልን መጡ። ዘነበች ቢላዋዋን ይዛ ቀረበች። ጠረጴዛው ደረቷ ላይ ደረሰ።

እኔ የመብራት እንጨት ነኝ። ዘነበች ከብብቴ በታች ናት። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር መቼም አይቻታለሁ!

ክርኗን ሰቅላ አንዴ ሁለቴ ከተፈችና ቢላዋውን አስቀመጠች። «ወገቤ ሊድን ነው ስል አሁን ደግሞ ትከሻዬ ሊሄድ ነው» አለች። የምገባበት ጠፋኝ። ሐጂ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው፣ «ዋንዛውስ ጥሩ ዋንዛ ነው» አሉ።

ጀማል ጋ ደወልኩ። «ምን ችግር አለው ኦቦ፣ እግሩን እንቆርጠዋለን። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው» አለኝ። ከመተንፈሴ ዘነበች ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ልጄ፣ እንዳትነካው! በራሱ ልክ አሠርቶታል፤ ራሱ ይቁምበታ!»

ቢላዋውን ለእኔ ሰጠችኝ። እሷ መደገፊያ ያለው ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ ከታፊው እኔ ነኝ። ዓይኔ ያለቅሳል፤ እሷ ከወንበሯ ላይ ሆና፣ «ወፍራም ነው፣ አድቅቀው!» ትለኛለች። ወገቧ ተሽሏታል፤ እሱስ ተመስገን ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን እንኳን ወገቤን አመመኝ ብዬ እንዳልቀር፣ የተረገመው ጠረጴዛ ልክክ ብሎልኛል።