ዘሀራ ያስጠናችኝ እንግሊዝኛ

ይህ የደረሰብኝ ካርቱም በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሰው እንግሊዝኛ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሪያድ የሚባል ሰፈር አንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥሬ ሁለት ልጆች አሳድግ ነበር። ጁምዓ ጁምዓ እረፍቴ ስለሆነ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ከዘሀራ ጋር ወደተከራየናት ክፍል እሄዳለሁ። ዘሀራ የደሴ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። እኔ ከስድስተኛ አላለፍኩም። ድንበሩን የተሻገርነው እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው።

አንድ ቀን ከማዳሜ ቤት አጠገብ የምትኖር ኸዋጃ፣ ፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ለልጆቿ ሞግዚት እንደምትፈልግ ሰማሁ። ለሠራተኛዋ ኢቃማ ታወጣለች ተባለ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለን ሁሉ ፖሊስ ባየን ቁጥር ልባችን የሚከዳን ጊዜ ነበር። ችግሩ፣ ሴትዮዋ ዐረብኛ አታውቅም።

ለዘሀራ ነገርኳት።

«አብሽሪ፣ እኔ አስጠናሻለሁ» አለችኝ።

«አይ ሉክ ፎር ችልድረን» ብላ በአማርኛ ፊደል ጻፈችልኝ። ልጆች እንከባከባለሁ ማለት ነው አለችኝ። ማዳሜ በስልክ ስታወራ «ሉክ አፍተር» ስትል የሰማሁ መሰለኝና ጠየቅኋት።

ሳቀች። «አፍተር እኮ በኋላ ማለት ነው። ልጆቹን ከኋላ ከኋላ ልትከተያቸው ነው? ፎር ደግሞ ‹ለ› ነው። ለልጆች ማየት፣ በቃ!»

አመንኳት። እስክሸመድደው ድረስ ደጋግማ አስባለችኝ። ጠዋት ስነሣም ጸጉሬን ሠርታ፣ የራሷን ሻርፕ አልብሳ «ያላ፣ ይቅናሽ» ብላ ሸኘችኝ።

ኸዋጃዋ በረንዳ ላይ በጥሩ ፊት ተቀበለችኝ። ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ «አይ ሉክ ፎር ችልድረን፣ ኤቭሪ ዴይ» አልኳት። ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። አልገባኝም፤ «የስ» አልኩ። ደነገጠች። ወዲያው አመስግና አሰናበተችኝ።

አትክልት እያጠጣ ሲሰማን የነበረው ዘበኛ በሩን ሲከፍትልኝ ሳቁ አመለጠው። በዐረብኛ «በየቀኑ ልጆች እፈልጋለሁ አልሻት እኮ!» አለኝ። «ይጠፉብሻል ወይ ብትልሽ ደግሞ አዎ አልሽ።»

ዘሀራ ተሳስታ ነው አልኩ። በሌላ አላሰብኩም።

በሳምንቱ ክፍላችን ስገባ ዘሀራም ሻንጣዋም የሉም። ፍራሹን ሳነሣ አንድ አሮጌ ደብተሯን አገኘሁ። በራሷ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሉክ አፍተር፣ መንከባከብ። ሉክ ፎር፣ መፈለግ።»

ደብተሩን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግሥቱ የኸዋጃዋን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ዘሀራ ነበረች፤ የሴትዮዋን ሕፃን አዝላ።

«ምን ላድርግ?» አለችኝ ዓይኗን ሰብራ። «ኢቃማ እኮ ነው።»

ዞሬ ሄድኩ።

በኋላ እኔም ማታ ማታ ተምሬ የተሻለ ሥራ አገኘሁ፤ ወረቀቱም ወጣልኝ። የሚያንገበግበኝ ሥራው አይደለም። «እኔ ልያዘው» ብትለኝ ራሴ ወስጄ አገናኛት ነበር። ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ ይቅር ብያታለሁ እላለሁ። ዱዓ ሳደርግ ግን ስሟ ጋ ስደርስ ምላሴ እምቢ ይለኛል።