ረዳት የሌለው ባቡር

ልጄ የአንገቷን እንቅርት ልታስወጣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙ «እናቷ በቀጠሮዋ ቀን ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት መጥታ ካልፈረመች ተራዋ ለሌላ ይሰጣል» ማለቱን በስልክ ነገሩኝ። ለእኔ ከመሠረተ ትምህርት የተረፈችኝ ስሜን መጻፍ ብቻ ናት። እሷንም በልጄ አሮጌ ደብተር ላይ ስጭር ሰነበትሁ፤ የመጨረሻዋ ፊደል እየወደቀች አስቸገረችኝ። ቢላውንም እስክሪብቶውንም እየፈራሁ ከደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ያሳደረችኝ የእህቴ ልጅ ከባቡሩ ፌርማታ አድርሳኝ «አምስተኛው ላይ ውረጂ» ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ባቡሩ መጣ፤ ገባሁና ብሬን ጨብጬ ረዳቱን መጠበቅ ጀመርሁ። በእኛ አገር ሰው መጀመሪያ ይቀመጣል፣ መኪናው ይነሣል፣ ከዚያ ረዳቱ «ሒሳብ» እያለ ይመጣል። እንዲያውም አጠገብሽ ያለው ሰው «በማርያም፣ እኔ ልክፈል» ብሎ እጅሽን ይይዝሻል። እዚህ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ እንኳን ሊከፍልልኝ እንዴት አደርሽ ያለኝም የለ።

ሦስተኛውን እንዳለፍን ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ መጣ።

«ማዘር፣ ትኬት!»

«እሰይ፣ መጣህልኝ! እንካ» ብዬ ብሩን ዘረጋሁ።

«ትኬት ነው ያልኩት። ሳይከፍሉ ነው የገቡት?»

«ረዳቱ ገና አልደረሰኝማ!»

ባቡሩ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሁሉ ያቀረቀረ ሰው አንገት እንዳለው ያን ጊዜ አየሁ።

«እትዬ፣ ባቡር ረዳት የለውም፤ ሳይሳፈሩ ነው የሚከፈለው» አለችኝ አንዷ።

«ሳልሄድ? መንገድ ላይ ቢቆምስ? እህሉ ሳይሰፈርለት ማን ይከፍላል?»

«እውነታቸውን እኮ ነው፤ ትናንትም ቆሞብናል» አሉ አንድ ሽማግሌ። ባለሰደርያው አልሰማም፤ አራተኛው ላይ አውርዶ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባኝ።

«ልጄ ቢላ ትጠብቃለች፣ ልቀቀኝ» አልሁት።

«የተያዘ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የተያዘ ሁሉ ልጁ እንቅርት አለባት?»

ቅጣቱን ተቀበለኝና ወረቀት አቀረበልኝ። «ያለ ትኬት ተሳፍሬ ተገኝቻለሁ ይላል። እዚህ ይፈርሙ።»

ለልጄ ሕይወት ያዘጋጀኋት ፊርማ የመጀመሪያ ሥራዋ የጥፋት ወረቀት ሆነ። ያቺ ፊደል እንደ ልማዷ ወደቀች።

«ይሄ አይነበብም፤ ይድገሙት። ደግሞ ሦስት ቅጂ ነው።»

ደገምሁት። ሠለስሁት። በመጨረሻው ቅጂ ላይ ፊደሏ ቀጥ ብላ ቆመች።

የቀረችኝን አንድ ፌርማታ በእግሬ ሮጥሁ፤ የጮቄን ዳገት ለለመደ እግር ምን አላት? ሆስፒታሉ ስደርስ ነርሷ በሩ ላይ ቆማለች።

«እናት፣ የት ቆዩ? ሌላ ሰው ልናስገባ እኮ ነው!»

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሳላነሣ ሳልጥል ፈረምሁ። ወረቀቱን አየት አድርጋ «ፊርማዎ ያምራል» አለችኝ።

«አሁን ባቡር ጣቢያ አሠልጥነውኝ ነው» አልኋት።

ልጄን አልጋዋን እየገፉ ሲያስገቧት ግን መሬት ተቀመጥሁ። ከሰዓት በኋላ አንገቷ ተጠቅልሎ ወጣች። በቀጭን ድምፅ «እማዬ፣ በምን መጣሽ?» አለችኝ።

«በባቡር፤ ሲያወርዱኝ በእግሬ።»