ዝናብ የማይዘንብበት መጽሐፍ

የማይጥመኝን መጽሐፍ እተዋለሁ። ገና መግቢያው ላይ ይሁን ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ካልጣመኝ እከድነዋለሁ፤ ይቅርታም አልጠይቀውም። ልጆቼ «እማዬ፣ መጨረሻው ላይ ሊያምር ይችላል እኮ» ይሉኛል። ይመርለት። ይህን ፈቃድ ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ደግሞ የተጀመረ ንባብ ሲቋረጥ ማየት የማይወድ ሰው ነበር።

ወሎ ሳለን አባቴ ገበሬም ጸሎት ደጋሚም ነበር። ጠዋት የጸሎት መጽሐፉን ገልጦ መድገም ከጀመረ የዕለቱን ሳይጨርስ ቃል አይወጣውም። ከተናገረ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ስለዚህ የሚያናግረን በእጁ ነበር። ሁለት ጣት ካነሳ «ጥጃው ተፈቷል» ማለቱ ነው፤ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ ካደረገ «ቆዩ፣ ልጨርስ» ነው። አንድ ጠዋት ፍየሎቹ ደጅ የተሰጣ ማሽላ ሲበሉ እያየ በአፍንጫው «እእ፣ እእ» ሲል እናቴ እስክትደርስ ፍየሎቹ ጠግበው ነበር። «እግዜር እኮ 'ፍየል ላባርር' ብትለው አይቆጣህም» አለችው። እሱም መዳፉን ዝቅ አደረገላት።

ከዚያ ድርቁ መጣ፤ እኛም በሰፈራ ወደ አሶሳ ወረድን። ከድርቁ መጠለያ መኪና ላይ ስንጫን የጸሎት መጽሐፉ ከጓዝ ጋር ቀረ። ኋላ ይመጣል ተባልን። ያኔ ኋላ ይመጣል የተባለው ነገር ብዙ ነበር።

የደረስንበት መንደር ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ቤቱ ሳርና ቀርቀሃ ነው፤ ሙቀቱ የደጋ ሰው አይችለውም። ጠዋት ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ሰው ሁሉ ወደ የጋራው እርሻ ይወጣል። በመጀመሪያው ክረምት አባቴን ወባ ጣለው። ተነሳ፤ ደግሞ ጣለው። በኋላ መነሳቱን ተወው። ጤና ጣቢያ ክኒን ሰጡትና «ዕረፍትና ጥሩ ምግብ ያስፈልገዋል» አሉን። ዕረፍቱስ ነበረ።

እናቴ እርሻ ስትውል እኔ አስታምመው ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ ድምፅ አሰሚኝ፤ ዝም ያለ ቤት ከበደኝ» አለኝ። ከቤታችን ፊደል የቆጠርን እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ የሱ ዓይን ደግሞ ከበሽታው ወዲህ ፊደል መለየት አቅቶት ነበር። ወደ መንደሩ የንባብ ቤት ሄድኩ። የንባብ ቤቱ ኃላፊ እንደኛው ሰፋሪ ነው፤ የመጻሕፍቱን ሳጥን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮታል። ቀይ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ። ከሥሩ ግን አንድ ቀጭን መጽሐፍ አየሁ፤ ሽፋኑ ላይ አንበሳና ጅብ ተስለዋል። ተረት ነው።

«ጋሼ፣ ያንን ይስጡኝ። ላባቴ ነው።»

«ይሄን ጨርሰሽ በስብሰባ ላይ ታስረጃለሽ፤ ያን ጊዜ እሱን ትወስጃለሽ። ደንብ ነው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ደንቡ ከሱ በላይ ካለ ሰው ነው የመጣው፤ እሱም እንደኛው ይፈራ ነበር።

ቀዩ መጽሐፍ አንድ የብርድ አገር እርሻውን በጋራ እንዴት እንደሚያካሂድ ያወራል። ከሩስኛ ነው የተተረጎመው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሲጀምር የነበረኝ ትንፋሽ ማሰሪያው ጋ ሳልደርስ ያልቃል። አባቴ በቀርቀሃው አልጋ ላይ ጋደም ብሎ በትዕግሥት ያዳምጣል።

«በሬዎቹስ?» ይለኛል።

«በሬ የለም፤ ትራክተር ነው።»

«እሺ። ዝናቡ መጣላቸው?»

ወደፊት ገልጬ ፈለግሁ። «ዝናብ አልተጻፈም፣ አባዬ።»

«ዝናብ የሌለበት እርሻ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግን አንብቢ አለኝ። የተጀመረ አይቋረጥማ።

እሱ እየከሳ ሄደ፤ መጽሐፉ ግን አልከሳም። እኔ የማስበው ስለ ቀጭኑ ብቻ ነበር፦ ይሄን ቶሎ ጨርሼ አባቴን አንድ ጊዜ በተረት ባስቀው። እየተጣደፍኩ መስመር ስዘል ያውቅብኛል። «አትዝለዪ፤ መጽሐፍ አይታለልም» ይለኛል። እንደገና ወደ ኃላፊው ሄጄ ለመንኩት። «ካድሬውን አስፈቅጂ» አለኝ። ካድሬው ለስብሰባ አሶሳ ከተማ ገብቷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። የማደርገው ጠፍቶኝ የንባብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

አንድ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ በሩ ተከፍቷል። የአባቴ ራስጌ በበሩ በኩል ስለሆነ ደጁ አይታየውም፤ ለእኔ ይታየኛል። ስለ ዘር መዝሪያ ማሽን ሳነብ እጁን አንስቶ መዳፉን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ። ከወሎ ከወጣን ወዲህ ያን ምልክት አይቼው አላውቅም። ማንበቤን አቆምኩ።

«ተዪው» አለ።

«ገና ብዙ ይቀራል፣ አባዬ።»

«ስለሚቀር ነው የምልሽ። የማይቋረጠው ጸሎት ነው እንጂ ይሄማ ወሬ ነው፤ ያውም ሰው የሌለበት ወሬ። አንቺም አልወደድሽው፣ እኔም አልወደድኩት። እኔን ብለሽ፣ አንቺን ብዬ፣ ምን አደከመን?»

መጽሐፉን ከደንኩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ አባቴ ንባብ ሲያስቆም አይቼ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ላንብብልህ?»

«ደጁን።»

ደጁን እንዴት እንደሚያነቡት አላውቅም ነበር። «ጭቃ ነው» አልኩ። «ቀጥዪ» አለኝ። የጎረቤታችን ዱባ ጣራው ላይ ወጥቷል አልኩት። ዶሮዋ ጫጩቶቿን ከቀርቀሃው አጥር ሥር ሰብስባለች አልኩት። ከዚያ የበርታዋ ሴት በመንገዱ ብቅ አለች። በበራችን በኩል ወደ ገበያ የምታልፍ የአካባቢው ሰው ናት፤ ባለፈች ቁጥር «አንተ፣ አባት ደህና ነው? አላህ ይማረው» ትለኛለች። አባቴ ሲሰማት «ወንድ ልጅ ሰጠችኝ» እያለ ይስቅ ነበር።

«ያቺ ሴት እየመጣች ነው» አልኩት።

«ምን ይዛለች?»

«ትከሻዋ ላይ ያንን የሸክም እንጨት አጋድማለች። ባንዱ ጫፍ ቅል፣ በሌላው ጫፍ የቀርቀሃ ቡቃያ።»

«አያዘነብልም?»

«አያዘነብልም። በእጇ እንኳ አልደገፈችውም።»

«ደግ» አለ። ድምፁ ላይ ፈገግታ ነበር። ያ ሁሉ ወፍራም መጽሐፍ ይህን አላመጣለትም።

«ቦዩ ጋ ደረሰች። ውሃ ሞልቶባታል። ቆመች፤ የምትረግጥበትን እየፈለገች ነው። አሁን አንድ እግሯን አነሳች» አልኩና ዞር ብዬ አየሁት። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ፣ መዳፉ ወደ መሬት ዞሯል። ቆዪ ያለኝ መሰለኝ። ዝም ብዬ ጠበቅሁት። እናቴ ከእርሻ እስክትመለስ ጠበቅሁት።

ቀዩን መጽሐፍ ስመልስ ኃላፊው ጨረስሽው ወይ አላለኝም። ሳጥኑን ከፍቶ ቀጭኑን አወጣና «ውሰጂው፣ ማንም አይጠይቅሽም» አለኝ። ለማን ላነበው ነው? እዚያው ሳጥኑ ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ካቋረጥኳቸው መጻሕፍት አንዱም ቆጭቶኝ አያውቅም። ያቺን ሴት ግን ቦዩን ሳላሻግርለት ቀረሁ።